ባሕር ሳይኖረን የባሕር ዳር ወፎች፦ ስለ አቃቂና አባ ሳሙኤል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአቃቂ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲወጡ ኮንዶሚኒየሙ ያልቅና የጤፍና የሽምብራ ማሳ ይጀምራል። ከማሳው ወዲያ ሰፊ ውኃ አለ፤ አባ ሳሙኤል ይባላል። እኔ የምኖረው እዚሁ ዳር አካባቢ ነው። ሰፈር ውስጥ «ወፍ የሚያየው ሰውዬ» ተብዬ ስለታወቅኩ ጥያቄው አያልቅብኝም። ታክሲ ውስጥ እጠየቃለሁ፣ ለቅሶ ቤት እጠየቃለሁ። ብዙ ጊዜ የሚደጋገሙትን ሰብሰብ አድርጌ እነሆ። አንዳንዱ በአንድ መስመር ያልቃል፤ አንዳንዱ ሰፋ ያለ ነገር አለው።

ባሕር የለንም። «የባሕር ዳር ወፍ» ምን አመጣው?

ጭቃው ነው ያመጣው። ባሕር ዳርቻ ላይ ውኃው ሲሸሽ የሚቀረው እርጥብ ጭቃ በትልና በጥቃቅን ነፍሳት የተሞላ ነው። መንቆረ ረጃጅም ወፎች ኑሯቸው እሱ ላይ ነው። አባ ሳሙኤል ላይም ክረምቱ ካለፈ በኋላ ውኃው ቀስ እያለ ሲጎድል ያው ዓይነት ጭቃ ብቅ ይላል። ብዙ ባሕር ዳር በቀን ሁለቴ የሚሆነው ነገር እዚህ በዓመት አንዴ ይሆናል።

ከእንግዶቹ አንዱ ሩፍ ነው። ጀርባው ቡናማ፣ ሆዱ ነጣ ያለ፣ አንገቱ ዘለግ ያለ ወፍ ነው። የሚፈለፈለው ከስካንዲኔቪያ እስከ ሳይቤሪያ ባለው ረግረግ ነው። እዚያ ወንዱ ሴቶቹን ለማማለል አንገቱን የሚሸፍን ትልቅ የላባ ክምር ያበቅላል፤ ይፎክርበታል፣ ይጣላበታል። እኛ ጋ የሚመጣው ግን ያን ሁሉ አራግፎ ነው። ያኔ ወንዱን ከሴቷ የሚለየው ግዝፈቱ ብቻ ነው፤ አጠገብ ለአጠገብ ሲቆሙ ሁለት የተለያዩ ወፎች ይመስላሉ።

ሌላዋ ስቲንት ናት። በጣም ትንሽ ናት፤ ከአንድ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል አትከብድም። የምትወለደው በሰሜን ዋልታ ዙሪያ፣ ዛፍ በማይበቅልበት ቀዝቃዛ ሜዳ ላይ ነው። በመንገዷ ላይ የባሕር ዳርቻም ሐይቅም ትጠቀማለች። ጭቃው ላይ ስታይዋት ጭንቅላቷን ቀና አታደርግም። ትወጋለች፣ ሦስት አራት እርምጃ ትሮጣለች፣ ደግማ ትወጋለች። ጸሐይ እስክትጠልቅ እንዲህ ናት።

እነዚህ ወፎች አንድ ቦታ ብቻ ተጠብቆላቸው አይድኑም። ሰሜን ላይ የሚራቡበት ረግረግ፣ መሐል ላይ የሚያርፉበት ዳርቻ፣ እዚህ ደግሞ በጋውን የሚያሳልፉበት ጭቃ ያስፈልጋቸዋል። አንዱ ከተበላሸ የሌላው ልፋት ከንቱ ነው።

አባ ሳሙኤል የተፈጥሮ ሐይቅ ነው?

አይደለም። የአቃቂ ወንዝ ተገድቦ የተፈጠረ ነው። ከመሐል ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ግድቡ ለመብራት ነው የተሠራው፤ በአገራችን ከውኃ ኃይል በማመንጨት ፈር ቀዳጁ ነው። አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ዛሬ ላይ ይህ ቁጥር ኢምንት ይመስላል፤ በዘመኑ ግን አዲስ አበባን ያበራ ነበር። ደለሉና አረሙ ተደምረው ጣቢያው ለብዙ ዓመታት ቆመ። በቻይና ድጋፍ ታድሶ እንደገና ሥራ የጀመረው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው።

ከከተማችን የሚወጣው ውኃ በመጨረሻ ባሕር ይደርሳል?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። መልሱ እንጦጦ ላይ የቆሙበትን ጎን ይመለከታል።

በደቡብ በኩል የሚወርደው ዝናብ ወደ አዲስ አበባ ወንዞች ይገባል። ወንዞቹ ተሰባስበው ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ ይሆናሉ። ሁለቱ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ። ከግድቡ የሚወጣው ውኃ አዋሽን ይቀላቀላል፣ ቆቃ ይገባል፣ ከዚያ በስምጥ ሸለቆው ወደ አፋር ይወርዳል። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ያልቃል። ባሕሩ እዚያው አቅራቢያ ነው፤ አዋሽ ግን አይደርስበትም። አቤ ውኃው በትነት ብቻ የሚወጣ ጨዋማ ሐይቅ ነው። ስለዚህ ከልደታም ከመርካቶም ታጥቦ የሄደ ነገር ሁሉ እዚሁ አገር ውስጥ፣ አንድ ቦታ ላይ ይቀራል። ባሕር ወስዶ አይሰውርልንም።

በሰሜን በኩል ወደ ሱሉልታ የሚወርደው ግን ሙገርን ይዞ ዓባይ ይገባል፤ ሜዲትራኒያን ለመድረስ ዕድል አለው። አንድ ተራራ፣ ሁለት ዕጣ።

ወፍ ከበዛ ውኃው ንጹህ ነው ማለት አይደለም እንዴ?

አይደለም። ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህን ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስተውም ይኸው ነው። በተለይ ጥር ላይ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ውኃው በወፍ ጢም ብሎ ያያል። «ይኸው፣ ንጹህ ባይሆን ይመጡ ነበር?» ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማው ፍሳሽ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የበዛበት ነው፤ በአጭሩ ማዳበሪያ ነው። ማዳበሪያ ውኃ ውስጥ ሲገባ አልጌ ይፈላል። አልጌው ሲሞት ባክቴሪያ ይበላዋል፤ ባክቴሪያው ሲበላ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ይህን የሚችል ፍጥረት ጥቂት ነው። ከሚችሉት አንዱ ትል የሚመስል ቀይ የነፍሳት እጭ ነው። ቅላቱ እንደ እኛ ደም ሄሞግሎቢን ስላለው ነው፤ በዚያ ትንሽም ብትሆን ያለችውን ኦክስጅን ይይዛል። ከዳርቻው ጥቁር ጭቃ በዱላ ቆንጠር አድርገው ቢያዩ ሲቁነጠነጥ ያገኙታል። (በእጅ አይሁን፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።) ተፎካካሪ ስለሌለው ይራባል። ስቲንቷም ሩፉም የሚበሉት እሱን ነው። ቆሻሻው ወፎቹን እየቀለበ ነው ማለት ነው።

እንግዲያው ምን እንይ? ብዛቱን ትተን ዓይነቱን እንቁጠር። ጤነኛ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ገልብጠው ቢያዩ ብዙ ዓይነት እጭ አለ፤ ጠፍጣፋው፣ ባለ ሦስት ጭራው፣ ከአሸዋ ቤት ሠርቶ ውስጡ የሚኖረው። ከእንጦጦ ሥር፣ ከተማው ሳይጀምር ባሉት ጅረቶች ይህን ማየት ይቻላል። እዚያው ወንዝ ከተማውን አቋርጦ ቃሊቲ ሲደርስ ግን የሚቀረው ያ ቀዩና ዘመዶቹ ናቸው።

ደግሞ የማይታየው አለ። ቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳ የሚያለፉት በክሮሚየም ነው። እርሳስና ካድሚየምም ከተለያየ ቦታ ወደ ወንዙ ይገባሉ። እነዚህ ከባድ ብረቶች እንደ ፍግ አይበሰብሱም፤ ውኃው ግድቡ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ከደለሉ ጋር ወደ ታች ይዘቅጣሉ። አባ ሳሙኤል ማንም ሳይቀጥረው የአዋሽ ማጣሪያ ሆኗል። ቆቃ ላይ መረብ የሚጥለው ዓሣ አጥማጅ ይህን ውለታ አያውቀውም። ግን ማጣሪያ ሲሞላ ምን እንደሚሆን ሁላችንም ቤታችን ውስጥ አይተናል።

የወንዝ ዳር ልማቱስ አይረዳም?

በ2019 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአዲስ አበባ ወንዞች ዳርቻ ልማት 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ነው። ዳርቻው አምሯል። ውኃው የሚሻሻለው ግን የየቤቱና የየፋብሪካው ፍሳሽ ወደ ወንዙ ሳይሆን ወደ ማጣሪያ ሲሄድ ነው። የቃሊቲው ማጣሪያ ጣቢያ መስፋፋቱ በእኔ ግምት ከመናፈሻው ይልቅ ለወፎቹም ለገበሬውም ይበልጥ ይጠቅማል። ፎቶ ግን አይነሱበትም።

እዚህ ዓሣ አለ? ቢበላስ?

አለ። በተለይ አምባዛ ጠንካራ ነው፤ ከጉሮሮው ጎን ተጨማሪ መተንፈሻ ስላለው ውኃው ኦክስጅን ሲያጣ ብቅ ብሎ ከአየር ይስባል። ሌላው ዓሣ ሲሞት እሱ ይተርፋል። መትረፉ ግን ንጽሕናውን አያሳይም። ጭቃ ላይ እየዋለ ከጭቃው የሚለቅም ዓሣ ጭቃው ውስጥ ያለውን ብረት ይዞ ነው የሚያድገው። እኔ ከዚህ ውኃ የወጣ ዓሣ አልበላም፤ ለቤተሰቤም አልገዛም።

ከተማ ውስጥ በለብለብም በጉላሽም የምንበላው ዓሣ ባብዛኛው ከዝዋይ፣ ከሐዋሳ፣ ከጫሞ፣ ከጣናና ከመሳሰሉት የሚመጣ ነው። ዓሣ ቤት ገብታችሁ «ከየት ነው?» ማለት ነውር የለውም። በጾም ሰሞን ፍላጎቱ ሲጨምር ይበልጥ ጠይቁ።

በወንዙ የሚለማው ጎመንስ?

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ብዬ ነው የምመልሰው፤ የሰው እንጀራ አለበትና። ከአቃቂ ወንዝ ግራና ቀኝ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ እያለሙ ልጅ ያሳደጉ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። ለከተማው ቅጠላ ቅጠል የሚያቀርቡ እነሱ ናቸው። ወንዙን እነሱ አላቆሸሹትም፤ ከላይ ቆሽሾ ነው የደረሳቸው።

ሁለት ዓይነት ችግር አለ፤ ሰው ይቀላቅላቸዋል። አንደኛው ጀርምና የአንጀት ትላትል ነው። ይህ በደንብ በማጠብ ይቀንሳል፣ በመቀቀል ይሞታል። ስለዚህ ጥሬውን የሚበላው ሰላጣ ከተቀቀለው ጎመን ይልቅ ያሳስባል። ሁለተኛው ከባድ ብረት ነው። እሱ ቅጠሉ ውስጥ የገባ ስለሆነ ማጠብም መቀቀልም አያወጣውም። ቅጠላ ቅጠል ደግሞ ከቲማቲምና ከበቆሎ ይልቅ ብረት ይሰበስባል። በአንድ ቀን ምሳ የሚታይ ጉዳት የለም፤ ለዓመታት ሲጠራቀም ነው።

ገበሬው ራሱ ከበላተኛው ይበልጥ ይጋለጣል። በባዶ እግሩ ቦይ ውስጥ የሚቆመው እሱ ነው። ቦት ጫማ፣ ጓንት፣ ከሥራ በኋላ በሳሙና መታጠብ፤ ልጆች በቦዩ እንዳይጫወቱ ማድረግ። ጭቃውን በእጅ አትንኩ ያልኩትም ለዚህ ነው።

እምቦጩን ለምን ነቅለው አይጨርሱትም?

ስለማያልቅ። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተክል ነው። ብዙ ሰው የጣና ችግር ብቻ ይመስለዋል። ጣና ላይ የታየው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ በአዋሽና በቆቃ ግን ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። የሚመቸው ደግሞ ማዳበሪያ የበዛበት ውኃ ነው፤ ማን እንደሚያቀርብለት ከላይ ተናግረናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ምግቡ ካልተቋረጠ መንቀሉ ጊዜ መግዛት ነው። የተነቀለውን ደግሞ ዳር ላይ መከመር አያዋጣም፤ ክረምት ሲመጣ ውኃው መልሶ ይወስደዋል። ለከብት የሚሰጡም አሉ። ከዚህ ውኃ የወጣውን ግን አልመክርም፤ ተክሉ ብረት የመምጠጥ ችሎታው ከፍተኛ ነው።

እነዚያ ረጃጅም ግራጫ ወፎች እህል ያጠፋሉ ይባላል። እውነት ነው?

ክሬኖቹን ነው የምትሉት። ቁመታቸው ከአንድ ሜትር በላይ ነው፤ ክንፋቸው ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ያልፋል። ከሰሜንና ከምሥራቅ አውሮፓ ነው የሚመጡት። ኢስቶኒያ ውስጥ መከታተያ የታሰረላቸው ክሬኖች ኢትዮጵያ ድረስ ሲመጡ ታይቷል። ማታ ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ቀበሮም ጅብም ውኃውን እያንቦጫረቀ ሳይሰሙት አይደርስባቸውም። ሲነጋ ወደ ማሳ ይበተናሉ።

የሚደርሱት ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። ጤፉ እየታጨደ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚለቅሙት ቃርሚያውን ነው፤ ከቃርሚያው ጋር አባጨጓሬና አንበጣ ይበላሉ። ይህ ለገበሬው ኪሳራ የለውም። ሽምብራው ላይ ሲያርፉ ግን ነገር ይመጣል። እነሱ በመንጋ ነው የሚሄዱት፤ አንድ ጥማድ ማሳ ላይ መቶ ወፍ ለግማሽ ቀን ከዋለ ባለቤቱ ቢናደድ አይፈረድበትም። ሰፈራችን ያሉ አንድ አባት «እናንተ ለማየት ትመጣላችሁ፣ እኛ ለማባረር እንነሳለን» ብለውኛል። ልጆች በወንጭፍና በጩኸት ያባርሯቸዋል። ድምፅ ብቻ ከሆነ ወፎቹ ወደ ታጨደው ማሳ ዘወር ይላሉ፤ ሁሉም ይተርፋል። መርዝ ግን ወፉንም ውሻውንም ከብቱንም ይገድላል።

ሰውም ወፍም አብረው የሚኖሩበት ምሳሌ አለ?

በርጋ አለ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከሆለታ አልፎ ያለ የሣር ረግረግ ነው። እዚያ ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይል የምትባል፣ በዓለም ላይ ለመጥፋት ከተቃረቡት አንዷ የሆነች ትንሽ ወፍ ክረምት ላይ ትፈለፈላለች። በሣሩ ውስጥ ተደብቃ ስለምትኖር የሚያያት ሰው ጥቂት ነው። የምትራባው ሐምሌና ነሐሴ፣ ሣሩ ሲረዝም ነው። የአካባቢው ሰው ደግሞ የሚኖረው በከብቱ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ጊዜ መከፋፈል ሆነ፤ ወፏ በምትራባበት ወቅት ከብቱ ከረግረጉ ዳር ይቆያል፣ ከዚያ በኋላ ሣሩ የሰዉ ነው። እውነት ለመናገር ረዝሞ የታጨደ ሣር ለከብቱም ይሻላል።

መቼና እንዴት ልሂድ?

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ዳርቻው ላይ ብትሆኑ ጥሩ ነው። አራት ሰዓት ካለፈ ሙቀቱ ውኃው ላይ ስለሚንቀለቀል በመነጽር ምንም አይለይም። ጸሐይዋን ከኋላችሁ አድርጉ። ነጭ ልብስ አትልበሱ። ቦቲ ያስፈልጋል፤ ጥቁሩ አፈር ዝናብ ከነካው ጫማ ይዞ ይቀራል።

ማሳ ከማቋረጣችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ። ብዙዎቹ ኦሮምኛ ተናጋሪ ናቸው፤ ጠዋት «አካም ቡልተን» ብላችሁ ብትጀምሩ በር ይከፈታል። እረኛ ልጆች ካገኛችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ወፎቹ ዛሬ የት እንዳሉ ከማንም በላይ ያውቃሉ። መነጽሩን አሳይዋቸው፤ ተራ ይጠባበቃሉ።

ወደዚያ ለመሄድ የሚከብዳችሁ ገፈርሳን ሞክሩ። በአምቦ መንገድ ነው። ሰማያዊ ክንፍ ያለውን ዝይ እዚያ ማየት ይቻላል፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። የከተማው የመጠጥ ውኃ ስለሆነ ጥበቃ አለ፣ በትሕትና ጠይቁ።

የሚቆጥራቸው አካል አለ?

አለ። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። በየጥር ወሩ በመላው አፍሪካ የውኃ ወፎች ይቆጠራሉ፤ እኛም ጋ ይቆጠራል። ጥር የተመረጠው ያኔ ወፎቹ ከቦታ ቦታ ስለማይንቀሳቀሱ ነው፤ አንዱን ወፍ ሁለት አገር አይቆጥረውም። አባ ሳሙኤልና አካባቢው ለወፎች ጠቃሚ ተብለው በዓለም አቀፍ ደረጃ ከተመዘገቡት ቦታዎች መካከል ነው። መመዝገብ ግን አጥር አይደለም፤ ሕግ ካልተከተለው ቤት ይሠራበታል።

የሞተ ወፍ ባገኝስ?

በባዶ እጅ አትንኩ፣ ለውሻም አትስጡ። ብዙ ሆነው በአንድ ላይ ሞተው ካያችሁ ለቅርብ የእንስሳት ሐኪም ወይም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ተናገሩ። የወፍ ጉንፋን ሊሆን ይችላል፤ የሰፈር ዶሮዎችን ይፈጃል።

እግሩ ላይ ቀለበት ያለው ወፍ አየሁ። ምንድን ነው?

አጥኚዎች ያሰሩት ነው። ወፉ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ የሚታወቀው በእሱ ነው። በሕይወት ያለ ከሆነ አታባሩት፤ የቀለበቱን ቀለም፣ ግራ ይሁን ቀኝ እግሩ ላይ፣ ፊደልና ቁጥር ካለው እሱን ጻፉ። ፎቶ ቢገኝ ደግሞ የተሻለ። ቀኑንና ቦታውን ጨምራችሁ ለማኅበሩ ስጡ። ሞቶ ካገኛችሁት በላስቲክ ጓንት ቀለበቱን ብቻ ፎቶ አንሡ። ወርቅ አይደለም፤ አልሙኒየም ወይም ፕላስቲክ ነው፣ አይሸጥም።